ከበዴሳ እስከ ቦሌ፤ የአዲስ አበባን የሌሊት ሠፈሮች ስለ መጐብኘት

ዕድሜው አርባን ያለፈ የፍርድ ቤት ጸሓፊ በእኩለ ሌሊት ከአንዱ መሸታ ቤት ወጥቶ ወደ ሌላው ሲገባ ያየ ሰው የሚያስበው ምን እንደ ሆነ አይጠፋኝም። ስለዚህ ወደ ነገሬ ከመግባቴ በፊት ምክንያቴን አስቀድማለሁ። በ2017 ዓመተ ምሕረት፤ ፋሲካ ካለፈ በሁለተኛው ሳምንት፤ ስለ አንድ የቤተ ዘመድ ክርክር በፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት የሰበር አቤቱታ ለማስገባት ፈቃድ ተቀብዬ ከበዴሳ ወደ አዲስ አበባ ስነሣ፤ ታናሽ እኅቴ መጥታ «ጋሼ፤ ልጄን ይፈልጉልኝ» አለችኝ። ልጁ እንደ ብዙዎቹ የአገራችን ልጆች በ15 ዓመቱ ጫማ ለመጥረግ ወደ አዲስ አበባ የሄደ ነው፤ አሁን 19 ዓመት ሆኖታል። በመጨረሻ በስልክ በተናገረ ጊዜ «የማታ ሥራ አግኝቻለሁ» ብሏት ነበር። ከዚያ ወዲህ አምስት ወር ሙሉ ድምፁ ጠፋ። እኅቴም «በማታ የሚሠራ ሥራ ምን ዓይነት ሥራ ነው?» ብላ ስትጠይቀኝ መልስ አጣሁ።

በዴሳን ላላዩ ሰዎች ጥቂት እናገራለሁ። የዳሞት ወይዴ ወረዳ ዋና ከተማ ናት፤ ከወላይታ ሶዶ በስተምሥራቅ ትገኛለች። ማታዋ አጭር ነው። በገበያ ቀን ሴቶች ከበቆሎና ከገብስ ብቅል የሠሩትን ቦርዴ በእንስራ ይዘው ይቀመጣሉ። ቦርዴ ሳይጣራ ወፍራም ሆኖ በቅል የሚጠጣ ስለ ሆነ፤ ከሩቅ በእግሩ የመጣ ገበሬ እንደ መጠጥ ብቻ ሳይሆን እንደ ምሳም ይቈጥረዋል። ቢያድር ስለሚኮመጥጥ የሚጠጣው በዕለቱ ነው፤ ገበያው ሲበተን መጠጡም ሰዉም አብሮ ያልቃል። ደግሞም የሱዳን ኢንቲርየር ሚሽን ሰዎች በ1920 ዓመተ ምሕረት ወደ ወላይታ ከገቡ ወዲህ የወንጌል አማኙ ሕዝብ እጅግ ስለ በዛ፤ በአንድ ግቢ ውስጥ አንዱ ወንድም ሲጠጣ ሌላው ቅሉን እንኳ የማይነካበት ቤት ብዙ ነው። እኔ በልጅነቴ ከቄስ ዘንድ ዳዊት ደግሜ፤ በኋላ በሚሲዮን ትምህርት ቤት የተማርሁ ስለ ሆነ፤ በአንዱ ዘንድ የማኅበር ጠላ በረከት መሆኑን፤ በሌላው ዘንድ ጽዋው ሁሉ ጥፋት መሆኑን እየሰማሁ አድጌአለሁ። እኅቴ ከማይነኩት ወገን ናት።

በሶዶ አንድ ሌሊት አደርሁ። በዳሞታ ተራራ ሥር ያለችው ይህች ከተማ በ2015 ዓመተ ምሕረት መጨረሻ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል መቀመጫ ከሆነች ወዲህ ማታዋ ረዝሟል። ሥጋ ቤቶቿ በጥሬ ሥጋና በዳጣ የታወቁ ናቸው። ዳጣ ማለት ቃሪያና ነጭ ሽንኩርት ዝንጅብልም ከሌላ ቅመም ጋር ተፈጭቶ የሚሠራ ማባያ ነው፤ የማያውቀው እንግዳ እንደ ሽሮ የዛቀው እንደ ሆነ ዕንባው ይፈስሳል። ስለ ሶዶ ግን ሌላ ጊዜ እጽፋለሁ። በማግሥቱ በሆሳዕና በኩል ከ300 ኪሎ ሜትር የሚበልጠውን መንገድ በአውቶቡስ ስንሄድ ውለን አመሻሹ ላይ አዲስ አበባ ገባን።

ጉዳዬን በሁለት ቀን ካስገባሁ በኋላ ሌሊቱን ለፍለጋው ሰጠሁ። መጀመሪያ የሄድሁት ወደ ፒያሳ ነው፤ የድሮ ሰው ማታ ሲባል የሚያስታውሰው አራዳን ነውና። ፒያሳ የጣልያን ቃል ሲሆን ትርጓሜው አደባባይ ነው። ከዚያ አስቀድሞ በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ የነበረው ትልቁ ገበያ በጠላት ዘመን ወደ መርካቶ ተዛወረ፤ ስሙና መዝናኛው ግን በአራዳ ቀረ። እቴጌ ጣይቱ ያሠሩት ሆቴል እስከ ዛሬ አለ። በጥር ወር 2007 ዓመተ ምሕረት እሳት ተነሥቶ ብዙ ክፍሉን ባቃጠለው ጊዜ ግን፤ በውስጡ የነበረው ጃዛምባ የተባለው የሙዚቃ ቤት አብሮ ጠፋ። በ1927 ዓመተ ምሕረት የተመሠረተው የሀገር ፍቅር ማኅበር ቴአትር ቤቱም በዚያው ሠፈር ይገኛል።

እኔ በ1996 ዓመተ ምሕረት ለሥልጠና በመጣሁ ጊዜ በዶሮ ማነቂያ አንዲት ጠባብ ቤት አውቅ ነበር። ባለቤቷ እንግዳውን ሁሉ በስሙ ትጠራ ነበር፤ የጠፋ ሰው ቢኖርም ከእርሷ ዘንድ ወሬው አይጠፋም። በ2016 ዓመተ ምሕረት የሠፈሩ አሮጌ ቤት ሁሉ ለልማት ስለ ፈረሰ፤ ያን ቦታ ፈልጌ ባገኘሁ ጊዜ ሰፊ የእግረኛ መንገድና መብራት አበባም አየሁበት። መንገዱ ያማረ ነው፤ ይህን አልክድም። ስለ ልጁ የምጠይቀው ሰው ግን አልነበረበትም።

ከዚያ ወጣ ብሎ ወዳለ አንድ ጠጅ ቤት ገባሁ። ጠጅ በቀድሞ ዘመን የቤተ መንግሥትና የመኳንንት መጠጥ ነበር፤ ተራው ሕዝብ ጠላውን ይጠጣ ነበር። ዛሬ ግን ማንም በአግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ ብርሌውን ይይዛል። አሳላፊው «ደረቅ ነው? መካከለኛ? ለስላሳ?» ብሎ ይጠይቃል። ለስላሳው ገና ጥቂት ቀን የሰነበተውና ጣፋጩ ነው፤ ደረቁ ማሩ በመፍላት ያለቀበትና ራስ የሚይዘው ነው። ደንበኛው አጣጣል አንድ እጅ ማር በሦስት ወይም በአራት እጅ ውሃ ተበጥብጦ ጌሾ የሚገባበት ነው፤ በማር ፈንታ ስኳር አግብተው በቀለም ቢጫ የሚያደርጉ ነጋዴዎችም አሉ፤ የጠጣውም ሰው በማግሥቱ በራሱ ሕመም ይመሰክርባቸዋል። እኔ አንድ ብርሌ መካከለኛ ጠጥቼ የልጁን ፎቶግራፍ ለሽማግሌዎቹ አሳየሁ። አንዱም «ልጄ፤ ጠጅ ቤት በጊዜ ይዘጋል፤ የማታ ሥራ የሚባል እዚህ የለም» አሉኝ።

እኒሁ ሽማግሌ በደጃዝማች ውቤ ስም ስለሚጠራው ሠፈር፤ ውቤ በረሃ ስለሚባለው፤ ብዙ አጫወቱኝ። ከጠላት መባረር በኋላ እስከ 1966 ዓመተ ምሕረት ድረስ መኳንንቱም የመሥሪያ ቤት ሹሙም ወታደሩም በአንድ መንገድ ላይ የሚገናኝበት የሌሊት ሠፈር እርሱ ነበር። በዚያም ዘመን ነው ዛሬ ዓለም የሚያውቀው መሐሙድ አሕመድ በአሪዞና ክለብ ተላላኪ ሆኖ ሲሠራ ቈይቶ ወደ መድረኩ የወጣው። በመስከረም 1967 ዓመተ ምሕረት ንጉሡ ከዙፋን በወረዱበት ቀን የሰዓት እላፊ ታወጀና ለብዙ ዓመታት ሌሊቱ ተቈለፈ። ከዚያ በኋላ መደነስ የፈለገ ሰው ሰዓቱ ሳይደርስ ሆቴል ገብቶ፤ በሩ ተዘግቶበት፤ እስኪነጋ ድረስ ወደ ቤቱ መመለስ ሳይችል ያድር ነበር። ሽማግሌው ይህን ሲናገሩ እየሣቁ ነበር፤ «ሚስቴ ግን ዐዋጁን አላመነችም» ብለው ጨመሩ።

በሁለተኛው ሌሊት ወደ ካዛንችስ ሄድሁ። ይህ ስም ጣልያኖች ለመንግሥታቸው ሠራተኞች ቤት ይሠራ ከነበረው መሥሪያ ቤት ስም የመጣ ነው፤ «ካዛ» ቤት ነው፤ «ኢንቺስ» የመሥሪያ ቤቱ አጭር ስም ነው። የሚገርመው ነገር፤ በጠላት ዘመን በተሰየመው በዚህ ሠፈር በኋላ የሠለጠኑበት አዝማሪዎች መሆናቸው ነው። በየካቲት 12 ቀን 1929 ዓመተ ምሕረት በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ፤ እርሱ አዝማሪዎችና ጠንቋዮች ባሕታውያንም እየተያዙ እንዲገደሉ አዝዞ ነበር። ባለ አንድ ገመድ መሰንቆ የያዘ ሰው ለመንግሥት የሚያስፈራ ሆኖ የተገኘው፤ ወሬውን በቅኔ ሸፍኖ ከአገር አገር ስለሚያዘዋውር ነው።

በካዛንችስ የነበረው ፈንዲቃ የሚባለው አዝማሪ ቤት የታወቀ ነበር። ባለቤቱ መላኩ በላይ በልጅነቱ ጎዳና ያደረ፤ በዚያው ቤት ለሽልማት እየጨፈረ በመሸታው ጠረጴዛ ሥር ይተኛ የነበረ ሰው ነው፤ በ2000 ዓመተ ምሕረት ገደማ ቤቱን ተከራይቶ ያዘው፤ እስክስታውንም ይዞ ብዙ አገር ዞረ። ይህን ታሪክ አውቅ ስለ ነበር ልጁን በዚያ አገኘዋለሁ ብዬ ተስፋ አድርጌ ነበር። ነገር ግን በ2017 ዓመተ ምሕረት የካዛንችስ አሮጌ ቤቶች ሲፈርሱ እርሱም ከስፍራው ተነሥቷል። የደረስሁበት ቦታ በቆርቆሮ ታጥሮ ነበር፤ ጠባቂውም «ጋሼ፤ ዘገዩ» አለኝ።

ጠባቂው ባመለከተኝ መሠረት በሃያ ሁለት አካባቢ ወዳለ አንድ አዝማሪ ቤት ገባሁ። በዐቢይ ጾም ዝም ብሎ የከረመ ቤት ስለ ሆነ፤ ከፋሲካ በኋላ ጭፈራው ሞቅ ብሎ ነበር። ልማዱ እንዲህ ነው፤ አዝማሪው በየወንበሩ እየዞረ የእንግዳውን ሥራና አገር ይጠይቃል፤ ግጥም ያለው እንግዳ «ተቀበል» ብሎ ይሰጠዋል፤ እርሱም በመሰንቆው ይመልሰዋል። እኔን ሥራዬን ቢጠይቀኝ የፍርድ ቤት ሰው መሆኔንና ስለ ይግባኝ መምጣቴን ነገርሁት። ወዲያው «ይግባኝ» የሚለውን ቃል ይዞ፤ አንድ ጊዜ በደጅ የቆመ ወዳጅ ወደ ቤት መግባትን የሚለምንበት፤ አንድ ጊዜ ጠጅ ጠጪ ጉሮሮውን የሚለምንበት፤ በመጨረሻም አላዋቂ ዳኛ ነገሩ እንዲገባው እግዚአብሔርን የሚለምንበት አደረገው። ቤቱ ሁሉ ሣቀ። እኔ ቅኔ ቤት ጥቂት ዓመት ብቀመጥም እንዲህ ያለ ኅብረ ቃል በችኰላ አላገኝም ነበር፤ ስለዚህ ግንባሩ ላይ መቶ ብር ለጠፍሁለት። ፎቶግራፉን አይቶ «ይህን ልጅ በቦሌ ይጠይቁ» አለኝ።

በሦስተኛው ሌሊት ቦሌና ቺቺኒያ በሚባለው ሠፈር ዞርሁ። በዚያ መሰንቆ የለም፤ ሙዚቃው የመኪናውን መስተዋት እስኪያንቀጠቅጥ ድረስ ይጮኻል፤ በር ላይ የሚቆሙት ጠባቂዎች ሰውን ከእግር እስከ ራሱ አይተው ያስገባሉ። ስለ ውስጡ ብዙ የምናገረው የለኝም፤ ቢራው ውድ ነው፤ ጨዋታም አይሰማም። ከደጁ ያየሁት ግን ከውስጡ ይበልጥብኛል። ማስቲካና ሲጋራ ሶፍትም በካርቶን አንግተው እስከ ሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት የሚቆሙ ልጆች ነበሩ፤ ጆሮዬን ብሰጥ እርስ በርሳቸው የሚነጋገሩት በወላይታ ቋንቋ ነው። «ሳሮ» ብዬ ሰላምታ ብሰጣቸው ደንግጠው ዝም አሉ፤ ፖሊስ መስያቸው ነበር። የየት አገር ልጆች እንደ ሆኑ ብጠይቅ፤ አንዱ ከሶዶ ዙሪያ፤ ሁለቱ ከእኛው ከዳሞት ወይዴ ሆነው ተገኙ። የአንደኛው አባት መዝገብ በእጄ አልፎ ያውቃል። ከመካከላቸው ትንሹ የዐሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ይመስለኛል፤ ቅዝቃዜውን ለመከላከል ካልሲ በእጁ አጥልቆ ነበር። ፎቶግራፉን ሲያዩ ሁሉም በአንድነት ሣቁና እጄን ይዘው ወሰዱኝ።

የወሰዱኝ የባህል ምግብ ቤት ከሚባሉት ወደ አንዱ ነው። እንግዳው ዶሮ ወጡንና ጥብሱን እየበላ፤ በመድረክ ላይ የብሔረሰቦች ጭፈራ በየተራ ይቀርባል። የጎጃሙ፤ የጉራጌው፤ የትግራዩ አለፈ። ከዚያ ከበሮው ፈጠነና ጥቁርና ቀይ ቢጫም ያለበት ዱንጉዛ የለበሱ ስድስት ወጣቶች ወጡ፤ የወላይታውን የወገብ ጭፈራ ጀመሩ። የውጭ አገር ሰዎች ተነሥተው ፎቶግራፍ ያነሡ ነበር። ከስድስቱ ሦስተኛው የእኅቴ ልጅ ነበር። አወፍሮታል፤ ጸጉሩን አሳድጓል። እኔን ሲያይ አንድ እርምጃ ሳተ፤ ወዲያው ግን ተመለሰበት።

ከሥራው በኋላ በሰባት ሰዓት ተኩል አብረን በላን። ስልኩ መሰረቁን ነገረኝ፤ ያም እውነት ነበር፤ ነገር ግን አምስት ወር ሙሉ ሌላ ስልክ ያላገኘበትን ምክንያት ስጠይቀው እንጀራውን ሲቈርስ ቈየ። በኋላም «ጋሼ፤ እናቴ መሸታ ቤት እንደምሠራ ብታውቅ ትጾማለች፤ እኔ ጫማ ስጠርግ ደስ ብሏት ነበር» አለ። ቀጥሎም «እርስዎ ሆቴል ውስጥ ዕቃ ያጥባል ይበሉልኝ» ብሎ ለመነኝ፤ በወረቀት የጠቀለለውን ሦስት ሺሕ ብርም ለእርሷ ሰጠኝ። እኔ 20 ዓመት ሙሉ የሰውን ቃል ሳልጨምር ሳልቀንስ ስጽፍ የኖርሁ ሰው ነኝና ምን እንደምመልስለት ቸገረኝ። ጠጥቶ እንደ ሆነ ጠየቅሁት። ለስላሳ ብቻ እንደሚጠጣ፤ የሚጠጣ ሰው ወገቡ እንደማይታዘዝለት ነገረኝ።

በዴሳ በገባሁበት ማታ እኅቴ ቡና አፍልታ ጠበቀችኝ። ብሩን በፊቷ አስቀመጥሁ። ሳትነካው «ምን ይሠራል?» አለች። «ይጨፍራል» አልኋት፤ ቤቱም መሸታ ያለበት መሆኑን፤ እርሱ ግን እንደማይጠጣ፤ የነገረኝን ሁሉ ነገርኋት። ሁለተኛው ቡና እስኪቀዳ ድረስ አልተናገረችም።

«የትኛውን ነው የሚጨፍረው?»

«የእኛኑ ነው፤ የጊፋታውን» አልኋት።

ብሩን አንሥታ ሳትቈጥር በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረችውና በመስከረም ለጊፋታ ይመጣ እንደ ሆነ ጠየቀችኝ። ይህን ግን ሳልጠይቀው መጥቻለሁ።