መጀመሪያ ተራ ሲደርሰን

“ካርታ” ሲባል ብዙ ወላጅ ፊቱን ያጠቁራል። እውነት አለው፤ ቁማር ስንት ቤት አፍርሷል። ክረምት ላይ የደብረ ማርቆስ ዝናብ ከደጅ አላስወጣ ሲል ግን ካርታ የቤተሰብ ጨዋታም ይሆናል። እኛ ቤት ሕጉ አንድ ነው፤ የሚያዘው ሽምብራ ቆሎ እንጂ ብር አይደለም።

ፖከርን ያስተማረን ከዩኒቨርሲቲ ለእረፍት የመጣው የእህቴ ልጅ ነው። ለእያንዳንዱ ሰው ሁለት ካርታ ተሸፍኖ ይሰጠዋል። ከዚያ መሃል ላይ መጀመሪያ ሦስት፣ ቀጥሎ አንድ፣ በመጨረሻም አንድ ካርታ ለሁሉም ይገለጣል። በየመካከሉ ተራ በተራ ማስያዝ፣ መጨመር ወይም ካርታ ጥሎ መውጣት ነው። መጨረሻ የሚደርሰው የሁሉንም አይቶ ይወስናል፤ መጀመሪያ የሚደርሰው ግን በጨለማ ይናገራል። ተራው በየጨዋታው ስለሚዞር ከዚህ የሚያመልጥ የለም።

“ታዲያ ፊተኛው ምን ይሻለዋል?” አልኩት።

“ጋሼ፣ ከፊት ሲሆኑ በጠንካራ ካርታ ብቻ ይግቡ። አሶና 9 ከኋላ ሆነው ይጫወቱበታል፤ ብዙ ሰው ባለበት ከፊት ሆነው ግን ቢጥሉት ይሻላል። ካርታዎ መካከለኛ ከሆነ ቆሎው መሃል ላይ እንዳይከመር ያድርጉ። ምንም ሳያስይዙ ተራዎን ማሳለፍም ይችላሉ፤ ‘ቼክ’ ይባላል። ጥሩ ካርታ ይዘውም አንዳንዴ ያሳልፉ፤ አለዚያ ዝም ባሉ ቁጥር ድካምዎ ይታወቃል።”

የ12ኛ ክፍል ውጤት የወጣ ዕለት ትንሹ ልጄ ማለፊያ ነጥብ አላመጣም። ስልኩን እንደያዘ በሩ ላይ ቆሞ ዝም አለ። የመጀመሪያው ተራ የእኔ ሆነ፤ በልቡ የያዘውን ደግሞ አላውቅም። ቁጣ ትልቅ ማስያዣ ነው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነውና አይመለስም፤ ልጁም የእኔን አይቶ የራሱን ይሸፍናል። ስለዚህ “ምሳ ቀርቧል፣ ና ብላ” ብቻ ብዬ አሳለፍኩ።

እንጀራውን ሳያጋምስ ተናገረ። ፊዚክስ ከጥር ጀምሮ አልገባው ብሎ ኖሯል። ከጓደኛው ጋር በማግስቱ ሌሊት ሳይነግሩን አዲስ አበባ ለቀን ሥራ ሊሄዱ ተማክረው፣ ለአውቶቡስ የሚሆን ገንዘብም ቋጥሯል። እናቱ እጇን አፏ ላይ ጫነች። በቁጣ ጀምሬ ቢሆን ኖሮ ይህን የምንሰማው አልጋው ባዶ ከሆነ በኋላ ነበር።

ያኔ ነው የእኔ ንግግር የመጣው፤ አሁን የማውቀው ነገር አለ። “ቴክኒክና ሙያ አለ፣ በግል ድጋሚ መፈተንም አለ። ሁለቱንም አብረን እናያለን” አልኩት።

ልጅ እንደ ፖከር ተጫዋች የሚረታ ባላጋራ አይደለም። ቢሆንም ክፉ ወሬ ይዞ ዝም ያለ ልጅ ፊት መጀመሪያ መናገር ለሚደርሰው ወላጅ ምክሩ ያው ነው፤ በትንሹ ይጀምሩ፣ ተራውንም ይስጡት።

ልጄ ኤሌክትሪክ መማርን መረጠ። የአውቶቡሱም ገንዘብ ለምዝገባ ዋለ።