ፓስፖርቷን ማን ያዘላት?

ሳይንስ ፊክሽን እወዳለሁ። ይህንን ሰው ፊት ስናገር ሁለት ዓይነት ምላሽ ነው የማገኘው። አንደኛው «የምርሽን ነው?» የሚል ነው፤ አያታቸውን ቦክስ ስትጋጠም ያገኟት ይመስል። ሁለተኛው ፈተና ነው። ፈታኞቹ ደግሞ ሁልጊዜ ወንዶች ናቸው። «እሺ፣ የሉክ አባት ማነው?» ይሉኛል። ወንድሜ፣ ይህንንማ ስታር ዋርስን አይተው የማያውቁት ጎረቤታችን እንኳን ያውቁታል! ለወንድ ልጅ እንዲህ ዓይነት መግቢያ ፈተና ሲሰጥ ግን አይቼ አላውቅም።

ለማንኛውም ፈተናውን አልፋለች በሉልኝና ወደ ጨዋታችን እንግባ። የዛሬው ጨዋታ ስለ ሮቦቶችና ስለ ሴቶች ነው።

በኛ ሰፈር ፊልም ማለት ቪዲዮ ቤት ነበር። ቪዲዮ ቤት ውስጥ ደግሞ ማንም የማይከራከርበት አንድ ሕግ አለ፤ «አክተር አይሞትም»። ሕንጻ ይናድበት፣ መቶ ሰው ይተኩስበት፣ አክተር አይሞትም። ሴቷስ? ሴቷ አክተር አይደለችም፤ «የአክተሩ ሚስት» ናት። ሥራዋም የታወቀ ነው። ትጮኻለች፣ ትታገታለች፣ ሲሮጡ እግሯ ወለም ይልና ትወድቃለች፣ መጨረሻ ላይ ትሳማለች። በቃ።

ሳይንስ ፊክሽን ለሴቶች ሌላ በር የከፈተ መስሎኝ ነበር የወደድኩት። ከፍቷልም። ችግሩ፣ በዚያ በር ከገቡት ሴቶች ብዙዎቹ ሰው አለመሆናቸው ነው።

ከመጀመሪያው እንጀምር። «ሮቦት» የሚለውን ቃል ለዓለም ያስተዋወቀው ካሬል ቻፔክ የተባለ የቼክ ደራሲ ነው። «አር.ዩ.አር.» የተሰኘው ተውኔቱ እ.ኤ.አ. በ1920 ታተመ፤ በ1921 ፕራግ ውስጥ መድረክ ላይ ወጣ። ቃሉን ያቀበለው ሠዓሊው ወንድሙ ዮሴፍ ነበር። ምንጩ «ሮቦታ» ነው፤ ገበሬ ለባላባቱ በግዴታ የሚሠራው ሥራ ማለት ነው። የኛ ቅድመ አያቶች ሁዳድ ወጥተው ለጌታቸው ያርሱ እንደነበረው ያለ። ስለዚህ ሮቦት ማለት ሲጀመር ብረት ማለት አልነበረም፤ ገባር ማለት ነበር። የቻፔክ ሮቦቶችም ብረት ሳይሆኑ ሰው የሚመስሉ ናቸው።

በተውኔቱ መጀመሪያ ላይ ሄለና የምትባል ወጣት ፋብሪካውን ልትጎበኝ ትመጣለች። ሱላ የምትባለውን ሮቦት ስታይ ሰው ናት እንጂ ብላ ድርቅ ትላለች። ቆይታም አንድ ጥሩ ጥያቄ ትጠይቃለች። ሮቦቶች ፆታ ምናቸውም ካልሆነ ሴት ሮቦት ለምን ትሠራላችሁ? የዋናው ሥራ አስኪያጅ መልስ አጭር ነው፤ ገበያው ስለሚፈልግ። የቤት ሠራተኛ፣ የሱቅ ሻጭ፣ ጸሐፊ ሲባል ሰው የለመደው ሴት ነው።

እዚህ ላይ ቆም በሉልኝ። ቃሉ በተወለደበት ተውኔት ውስጥ፣ ገና በጠዋቱ፣ ሴቷ ሮቦት ለምን ሴት እንደሆነች ተነግሮናል። እንድታገለግል ነው!

ከዚያ በኋላ የመጣው ብዙው ነገር የዚህ ቅጥያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1927 ፍሪትዝ ላንግ «ሜትሮፖሊስ»ን ሠራ። ብሪጊተ ሄልም የተባለችው ተዋናይት ሁለት ማሪያዎችን ሆና ትጫወታለች፤ አንዷ ቅድስት የምትመስል ሰው፣ አንዷ ወንዶችን አሳብዳ ከተማ የምታፈርስ ማሽን። ማሽኗን መጨረሻ ላይ እንደ ጠንቋይ ያቃጥሏታል። ከዚያ ወዲህ ሴት ሮቦት ሁለት ዓይነት ሆነች፤ ታዛዥ ወይ አጥፊ። ታዛዦቹን ማየት የፈለገ የአይራ ሌቪንን «ዘ ስቴፕፎርድ ዋይቭስ» ይመልከት። መጽሐፉ በ1972፣ ፊልሙ በ1975 ወጣ። በአንድ የደላው ሰፈር የሚኖሩ ባሎች ሚስቶቻቸውን ወለል መወልወል በሚያስደስታቸው ማሽኖች ይተኳቸዋል። አጥፊዋን የፈለገ ደግሞ የ2003ቱ ተርሚኔተር 3 ላይ ቲ-ኤክስ አለችለት።

ወንዶቹ ሮቦቶችስ? ወንዶቹ የፈለጉትን ይሆናሉ። የስታር ዋርሱ ወርቃማው ሲ-ስሪ-ፒ-ኦ ፈሪና ለፍላፊ ነው፤ እንደ ፈራ ተወደደ። የስታር ትሬኩ ዳታ ድመት ያሳድጋል፣ ቫዮሊን ይጫወታል፣ ሰው መሆን ያምረዋል። ለመግደል የተሠራው አርኖልድ በ1991ዱ ተርሚኔተር 2 ለአንድ ልጅ አባት እስከመሆን ይደርሳል። ሴቷ ሮቦት ግን ምንም ከመሆኗ በፊት ቆንጆ መሆን አለባት። እስቲ አንዲት ወፍራም፣ ነገረኛ፣ ዕድሜዋ የገፋ ሴት ሮቦት ጥሩልኝ። «ሮዚ አለች!» የምትሉ የጄትሰንስ ወዳጆች እንዳላችሁ አውቃለሁ። እሷም እ.ኤ.አ. ከ1962 ጀምሮ ሽርጥ የታጠቀች የቤት ሠራተኛ ናት።

አሁን «ይህቺ ሴት የምትወደው ፊልም የለም እንዴ?» ሳትሉኝ አልቀራችሁም። አለ እንጂ!

ከሁሉ በፊት ሱዛን ካልቪንን እወዳለሁ። አይዛክ አሲሞቭ ናት የፈጠራት (እሱን አንቱ ማለት ቢገባኝም ከልጅነቴ ስለማውቀው ይቅር ይለኛል)። የሮቦቶች የሥነ ልቦና ሐኪም ናት፤ ሮቦት ሲታመም የምትጠራው እሷ ናት። በ1941 በወጣው «ውሸታም!» በተሰኘው አጭር ልብወለድ ውስጥ የሰው ሐሳብ የሚያነብ ሮቦት አለ። ሮቦት ሰውን መጉዳት አይችልም፤ ቅስም መስበርም መጉዳት ነውና ለሁሉም መስማት የሚፈልጉትን ይነግራቸዋል። ሱዛንንም በሆዷ የያዘችው የሥራ ባልደረባዋ እንደሚወዳት ይነግራታል። እሷም መኳኳል ትጀምራለች። ውሸቱ ሲገለጥ ምን ታደርጋለች መሰላችሁ? አታለቅስም። ሮቦቱን ቢናገርም የሚጎዳ፣ ዝም ቢልም የሚጎዳ ጥያቄ ላይ አቁማ ታሳብደዋለች። ጭካኔ ነው፤ ግን የሰው ጭካኔ ነው። ሴቷ ተጎድታ፣ ተናዳ፣ አዋቂ ሆና፣ በአንድ ታሪክ ውስጥ ሁሉንም ስትሆን ያየሁት እዚያ ነው።

ሱዛንን የምወድበት ሌላም ምክንያት አለኝ። በመጽሐፉ ውስጥ ቀዝቃዛ ናት፣ አትስቅም፣ ከሰው ይልቅ ማሽን ትመስላለች ይሏታል። ግቢ ሳለሁ ክፍላችን ውስጥ ሴቶች አምስት ነበርን። የእኔ ቅጽል ስም «ሮቦቷ» ነበር። ለምን ቢባል ወንዶቹ በሚቀልዱት ቀልድ ስለማልስቅ። መንገድ ላይም «ፈገግ በይ እንጂ!» ይሉኛል የማላውቃቸው ሰዎች። ነገሩ ግራ የሚያጋባ ነው። ማሽኗ ሴት ስትሆን ፈገግታ ይገጥሙላታል፤ ሴቷ ፈገግ ካላለች ማሽን ይሏታል።

ሁለተኛዋ ሪፕሊ ናት፤ የ1979ኙ «ኤሊየን»። የስክሪፕቱ ምስጢር ይገርመኛል። ሲጻፍ የመርከቧ ሠራተኞች ሁሉ ወንድም ሴትም ሊሆኑ ይችላሉ ተብሎ ነበር የተጻፈው። ሲገርኒ ዊቨር የመጣችው ከዚያ በኋላ ነው። ለካ ጥሩ ሴት ገጸ ባሕርይ ለመጻፍ መጀመሪያ ሰው መጻፍ ይበቃል! እዚያ ፊልም ውስጥ ሮቦቱ ወንድ ነው፤ ሐሰተኛውም እሱ ነው፤ የማትሞተው አክተር ደግሞ እሷ ናት። የሰፈራችን ሕግ በመጨረሻ ለሴትም ሠራ።

ይህ ሁሉ የፊልም ወሬ ነው ካላችሁ ወደ ኪሳችን እንምጣ። አፕል በ2011 ሲሪን፣ አማዞን በ2014 አሌክሳን ሲያወጡ የአሜሪካ ደንበኛ የሰማው የሴት ድምጽ ነበር። ዩኔስኮ በ2019 ባወጣው ሪፖርት ሲሰድቧት እንኳን በትሕትና የምትመልስ ሴት በየቤቱ ማስገባት ልጆችን ምን ያስተምራል ብሎ ጠየቀ። አፕል በ2021 የሲሪን ድምጽ ተጠቃሚው ራሱ እንዲመርጥ አደረገ። እኛም አገር የደወልንለት ሰው ስልክ ሲዘጋ የምታረዳን ሴት ናት። ስንቱ ሰው ነው በሱ ንዴት እሷን የሚሰድባት?

ከዚያ ሶፊያ መጣች። ሆንግ ኮንግ የሚገኘው ሀንሰን ሮቦቲክስ የሠራት፣ የኛው የአዲስ አበባው አይኮግ ላብስ ልጆችም በሶፍትዌሯ ላይ እጃቸውን ያሳረፉባት ሮቦት። በጥቅምት 2010 ዓ.ም. ሪያድ ላይ የሳዑዲ ዜግነት ተሰጣት። ያን ጊዜ የአገሩ ሴቶች መኪና መንዳት ገና አልጀመሩም ነበር። በዚያው ዓመት ክረምት መግቢያ ላይ አዲስ አበባ መጣች። ዕቃዎቿ ያሉበት ሻንጣ ፍራንክፈርት ኤርፖርት ላይ ጠፋ ተብሎም ተወራ።

ዜናውን የሰማሁት ከአክስቴ ልጅ ጋር ቁጭ ብዬ ቡና ስንጠጣ ነው። የአክስቴ ልጅ ሪያድ ውስጥ ሰው ቤት አራት ዓመት ሠርታለች። የተመለሰችው በ2006 ዓ.ም. ነው፤ ከሳዑዲ ከ160,000 በላይ ኢትዮጵያውያን በተመለሱበት ጊዜ፣ በአንድ ፌስታል። እኔ ስለ ሶፊያ አፌን ሞልቼ ሳወራ ዝም ብላ ሰማችኝና፣

«ሻንጣውስ ይጥፋ፤ ፓስፖርቷን ማን ያዘላት?» አለች።

ሳቅን። ከዚያ መሳቁን ተውነው። የእሷን ፓስፖርት ማዳሟ የወሰደችው በደረሰችበት ሌሊት ነው፤ ተመልሶ ያየችው የለም።

ስለ ሮቦት ካነበብኩት ሁሉ ነገሩን እንደዚያ ጥያቄ ያስረዳኝ የለም። ቻፔክ ከመቶ ዓመት በፊት የግዴታ ሥራ ብሎ የሰየመውን ነገር የአክስቴ ልጅ በአራት ዓመት ኖራዋለች። ማሽኗ ዜጋ የሆነችበት ከተማ፣ እሷ ያለ ማዳሟ ፈቃድ ከበር የማትወጣበት ከተማ ነው።

ዐረቦቹን ብቻ እንዳናማ ደግሞ ወደ ቤታችን እንመለስ። «ጥሩ ሠራተኛ አገኘሁ» ስንል ምን ማለታችን ነው? ዝምተኛ ናት፣ ስልክ አታወራም፣ እሑድም ውጪ ውጪ አትልም፣ የሰጧትን ትበላለች፣ መልስ አትሰጥም። ይህንን ዝርዝር ለስቴፕፎርድ ባሎች ብትሰጧቸው ፈርመው ይቀበሏችኋል።

ከጊዜ በኋላ ከአክስቴ ልጅ ጋር «ኤክስ ማኪና»ን አየነው፤ የ2014ቱን ፊልም። አቫ የምትባል ሮቦት የፈጠራትን ሀብታምና ሊመረምራት የመጣውን ልጅ አታልላ ከታሰረችበት ቤት ታመልጣለች። የማውቃቸው ወንዶች ሁሉ በዚህ ፊልም ይናደዳሉ፤ «እንዴት ልጁን ቆልፋበት ትሄዳለች?» ይላሉ። እኔ ደግሞ ሁሌም ደስ ይለኛል። አቫ ነጻ ብትወጣ ማየት የምትፈልገው ሰው የሚተላለፍበት መስቀለኛ መንገድ ነበር። ሜክሲኮ ከሥራ መውጫ ሰዓት ላይ ብትቆም የታክሲውን ሰልፍ አይታ የምትመለስ ይመስለኛል፤ ግን መመለሱም የራሷ ውሳኔ ይሆናል።

የአክስቴ ልጅ ግን አቫን አልነበረም የምታየው። እዚያ ቤት ውስጥ ኪዮኮ የምትባል ሌላ አለች፤ እራት የምታቀርብ፣ ቋንቋ አትችልም የተባለች፣ ወይን ደፋሽ ተብላ የሚጮኽባት። አንድም ቃል ሳትናገር ፊልሙ ያልቃል። ጌታዋን መጀመሪያ በቢላ የምትወጋው እሷ ናት፤ ለዚያም ተሰብራ ኮሪደር ላይ ትቀራለች። አቫ ለብሳ፣ አምራ፣ በሩን ከፍታ ወጣች። እኔ ላጨበጭብ ስል የአክስቴ ልጅ «ይህቺኛዋስ? ትታት ሄደች?» አለችኝ።

መልስ አልነበረኝም። አሁንም የለኝም።

ጠንካራ ሴት ገጸ ባሕርይ ይጻፍልን ስንል ብዙውን ጊዜ የምንጠይቀው አንዲት አቫን ነው። ቆንጆ፣ ብልህ፣ በሩን ከፍታ የምትወጣ። መጥፎ ጥያቄ አይደለም። ግን በታሪኩ ጥግ ሳህን የምታነሣውም አለች፤ እሷን ስም የሰጣት ደራሲ እንኳን ንግግር አልሰጣትም። «አር.ዩ.አር.» ሲያልቅ ሁለት ሮቦቶች፣ ሴቷና ወንዱ፣ «እሱን ተው፣ እኔን ውሰድ»፣ «እሷን ተው፣ እኔን» በሚል ይከራከራሉ። ሰው መሆናቸው የታወቀውም በዚያ ነው፤ አንዳቸው ሌላውን ጥለው ባለመሄዳቸው።

እናም ከመካከላችሁ በአማርኛ ሳይንስ ፊክሽን ለመጻፍ የምታስቡ ካላችሁ (እንዳላችሁ አውቃለሁ፣ ድራፍቱን ደብቃችሁ ነው እንጂ)፣ አደራ፣ ከላቦራቶሪው አትጀምሩ። ከወጥ ቤት ጀምሩልኝ። ሮቦቷ ቆንጆ ባትሆንም ግዴለም። ትናገር ብቻ። ስትወጣም ጓደኛዋን ይዛ ትውጣ። የመጀመሪያ አንባቢያችሁ የአክስቴ ልጅ ትሆናለች፤ ፈተና ግን አትስጧት።

ሰላም ሁኑልኝ!