ሚዛኑ ሳይሞከር ማንም አይመዘንበት

ገበያ የዋለ ሰው የሚያውቀው ነገር ነው። አዲስ ሚዛን ሲመጣ መጀመሪያ የሚጫንበት ክብደቱ የታወቀ ዕቃ ነው። ልክ መሆኑ ከተረጋገጠ በኋላ የሰው በርበሬና ቡና ይመዘንበታል። ወደ ትምህርት ቤት ፈተና ስንመጣ ግን ይህን ቀላል ነገር እንረሳዋለን። አዲስ ፈተና ይመጣል፤ በመጣበት ዓመት ልጅ ይወድቅበታል፣ መምህር ይገመገምበታል፣ ትምህርት ቤት ይፈረጅበታል።

ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለዚህ ነው። የምኖረው ካሊፎርኒያ፣ ኦክላንድ ከተማ ነው። ከአገር ከመውጣቴ በፊት የሒሳብ መምህር ነበርኩ። አሜሪካ የትምህርት ቤት ፈተናዋን በቀየረችበት ጊዜ ልጄ አምስተኛ ክፍል ነበረች። የእህቴ ልጅ ሜሪላንድ፣ የባለቤቴ ወንድም ልጅ ደግሞ ኒውዮርክ ይማሩ ነበር። በአንድ ቤተሰብ ውስጥ ሆነን ሦስት የተለያዩ አሠራሮችን አየን። (የአሜሪካውን ስተርክ ዓመቱ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው፤ ዓ.ም. ያልኩበት ቦታ ብቻ የኛ ነው።)

መነሻው እንዲህ ነው። በ2002 የጸደቀው "ኖ ቻይልድ ሌፍት ቢሃይንድ" የተባለው የፌዴራል ሕግ ከሦስተኛ እስከ ስምንተኛ ክፍል ያለ ተማሪ በየዓመቱ፣ በሁለተኛ ደረጃ ደግሞ አንድ ጊዜ፣ በንባብና በሒሳብ እንዲፈተን ያስገድድ ነበር። ውጤቱም በዘር፣ በቤተሰብ ገቢና በእንግሊዝኛ ችሎታ ተለይቶ ለሕዝብ ይወጣል። ከ2010 ጀምሮ ከ40 በላይ ክፍለ ግዛቶች "ኮመን ኮር" የተባለውን አዲስ የትምህርት መመዘኛ ተቀበሉ። ትምህርቱ ሲቀየር ፈተናውም መቀየር ነበረበት። በፌዴራል መንግሥት ገንዘብ ሁለት የክፍለ ግዛቶች ኅብረቶች አዲስ ፈተና አዘጋጁ፤ አንዱ "ስማርተር ባላንስድ"፣ ሌላው "ፓርክ" ይባላል። ሁለቱም በ2014 ጸደይ በተማሪዎች ላይ እንዲሞከሩ ተወሰነ።

ጥያቄው እዚህ ላይ መጣ። ልጆቹ በዚያ ዓመት አሮጌውንም አዲሱንም ይፈተኑ? ወይስ አንዱ ይቅርላቸው? የወቅቱ የፌዴራል ትምህርት ሚኒስትር አርን ደንከን ራሳቸው በሰኔ 2013 ሙከራው የሚደረግባቸው ትምህርት ቤቶች ሁለቱንም እንዳይሰጡ ፈቃድ መጠየቅ እንደሚቻል ተናግረው ነበር።

ካሊፎርኒያ ከዚያ አልፋ ሄደች። ገዢው ጄሪ ብራውን በጥቅምት 2013 ኤቢ 484 የተባለውን ሕግ ፈረሙ። አሮጌው የወረቀት ፈተና በአብዛኛው ቆመ። በምትኩ 3 ሚሊዮን ገደማ ተማሪዎች አዲሱን በኮምፒውተር ይሞክራሉ፤ ለተማሪም፣ ለወላጅም፣ ለትምህርት ቤትም ውጤት የሚባል አይመጣም። ትምህርት ቤቶችን በነጥብ የሚያሰልፈው ስሌትም ተቋረጠ። ደንከን ሕጉ ከመፈረሙ በፊት ተቆጥተው፣ የፌዴራል ገንዘብ እስከመያዝ ሊደርሱ እንደሚችሉ አስጠነቀቁ። ካሊፎርኒያ አልተመለሰችም። በመጋቢት 2014 ፈቃዱ ተሰጣት።

ውጤት የሌለው ፈተና ምን ይረባል የሚል ይኖራል። እንደ መምህር ልንገራችሁ። አንድ ጥያቄ ከባድ ይሁን ቀላል፣ ግልጽ ይሁን አሻሚ፣ አውጪው ጠረጴዛ ላይ ሆኖ አያውቀውም። በብዙ ሺህ ልጆች እጅ ካላለፈ አይታወቅም። ጎበዞቹ የሚሳሳቱት፣ ደካሞቹ የሚያገኙት ጥያቄ ካለ ጥፋቱ የጥያቄው ነው፤ ይጣላል። የማለፊያው መስመር የሚሰመረውም ከዚህ በኋላ ነው። "ስማርተር ባላንስድ" የማለፊያ ነጥቦቹን የወሰነው ሙከራው ካበቃ በኋላ፣ በኅዳር 2014 ነበር። ስለዚህ በዚያ ጸደይ ለልጄ "አልፈሻል" ወይም "ወድቀሻል" የሚል ወረቀት ቢመጣ ኖሮ፣ ገና ያልተሰመረ መስመር ተጠቅሶ የተጻፈ ወረቀት ይሆን ነበር።

ደግሞም የተፈተኑት ልጆቹ ብቻ አልነበሩም። ኮምፒውተሩ፣ ኢንተርኔቱ፣ የጆሮ ማዳመጫው፣ መምህሩ ራሱ ተፈትኗል። መልሱን የሚያውቅ ልጅ በኪቦርድ መጻፍ ስላልቻለ ብቻ ሲቀር፣ ያ ስለ ሒሳብ ችሎታው የሚነግረን ነገር የለም። ካሊፎርኒያ በዚያው የበጀት ዓመት ለመምህራን ሥልጠና፣ ለመጻሕፍትና ለቴክኖሎጂ የሚውል 1.25 ቢሊዮን ዶላር ለትምህርት ቤቶች ማከፋፈሏም በአጋጣሚ አይደለም። ማቅለሉ ብቻውን አልመጣም፤ ማዘጋጃም አብሮት ነበር።

ይሁን እንጂ ሌላውንም ወገን መስማት ያስፈልጋል። ከቅዳሴ በኋላ ቡና ላይ ተቀምጠን ስናወራ፣ በአረጋውያን መጦሪያ ሌሊት የምትሠራ አንዲት እኅታችን የተናገረችው እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልጠፋም። "እናንተ ተምራችኋል። እኔ እንግሊዝኛው አይገባኝ፣ የቤት ሥራውን ላየው አልችል። በዓመት አንዴ የምትመጣው ወረቀት ነበረች ዓይኔ፤ እሷንም ወሰዱብኝ" አለች።

ይህ ቀላል ክርክር አይደለም። ደንከንም፣ ለድሃና ለጥቁር ልጆች የሚሟገቱ ብዙ ሰዎችም ያነሱት ይህንኑ ነው። ውጤት ሲጠፋ መጀመሪያ ከዓይን የሚሰወሩት የደሃ ልጆች ናቸው። በ2015 አዲሱ ፈተና በእውነት ሲሰጥ በካሊፎርኒያ መመዘኛውን ያሟሉት በእንግሊዝኛ 44 በመቶ፣ በሒሳብ 33 በመቶ ብቻ ሆኑ። ከጥቁር ተማሪዎች መካከል በሒሳብ ያሟሉት 16 በመቶ ነበሩ። የኛም ልጆች የሚቆጠሩት እዚያ ውስጥ ነው። የዚያች እኅታችን ልጅ በሒሳብ ወደኋላ መቅረቱ የታወቀው ያን ጊዜ ነው። "አንድ ዓመት ጠፋብኝ" አለች። እውነቷን ነው። ማቅለል ዋጋ አለው፤ ዋጋ የለውም የሚል ሰው የሚከፍለው ሌላ ሰው ስለሆነ ነው።

አሁን ወደ ሜሪላንድ እንሂድ። እዚያ ትምህርቱ ወደ ኮመን ኮር ሲዞር አሮጌው የክፍለ ግዛቱ ፈተና ለ2014ም እንዲቆይ ተደረገ። እህቴ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምትኖረው። ልጇ ዓመቱን ሙሉ በአዲሱ መንገድ ክፍልፋይ ሲማር ከርሞ፣ መጋቢት ላይ ከክፍሉ የወጣ ነገር የሚጠይቅ ፈተና ቀረበለት። በስልክ ስታጫውተኝ "አማርኛ አስተምረው በትግርኛ ፈተኑት" ብላ ሳቀች። ሳቁ ግን የምር አልነበረም። የክፍለ ግዛቱ ውጤት ወረደ፤ ባለሥልጣናቱም ምክንያቱ የትምህርቱና የፈተናው አለመገጣጠም መሆኑን ተናገሩ። እንግዲህ አስቡት። ውጤቱ እንደሚዛባ እየታወቀ ፈተናው ተሰጠ፤ ከተሰጠ በኋላ ደግሞ "ብዙም አትመኑት" ተባለ። ወረቀቱ መጥቷል፤ የዚያችን እናት ዓይን ግን አይሆንም።

ኒውዮርክ ሦስተኛውን መንገድ መረጠች። ሌሎች እስኪዘጋጁ አልጠበቀችም፤ በኮመን ኮር ላይ የተመሠረተ ፈተና በ2013 ጸደይ ሰጠች። በ2012 መመዘኛውን ያሟሉት በእንግሊዝኛ 55 በመቶ፣ በሒሳብ 65 በመቶ ነበሩ። በ2013 ሁለቱም ወደ 31 በመቶ ወረዱ። ባለሥልጣናቱ "ልጆቹ አልደነቆሩም፤ መለኪያው ነው ከፍ ያለው" አሉ። ትክክል ናቸው። ነገር ግን በዚያው ጊዜ የመምህራን ግምገማ ከፊሉ በዚሁ ውጤት ላይ እንዲመሠረት በሕግ ተደንግጎ ነበር። "አትደንግጡ፣ መነሻ ነጥብ ነው" እየተባለ በሌላ በኩል ሰው ይገመገምበት ጀመር።

የባለቤቴ ወንድም ልጅ ያኔ አራተኛ ክፍል ነበር። ስልክ ላይ አቀረቡልኝና "አጎቴ፣ አምና ጎበዝ ነበርኩ፤ ዘንድሮ ምን ሆንኩ?" አለኝ። ለአሥር ዓመት ልጅ "መለኪያው ተቀይሮ ነው" ብለህ ብታስረዳው አይገባውም። የሚገባው ቁጥሩ ነው።

ከዚያ የሆነውን ብዙዎቻችሁ ሰምታችሁ ይሆናል። በ2015 በኒውዮርክ ከሦስተኛ እስከ ስምንተኛ ክፍል መፈተን ከነበረባቸው ልጆች 20 በመቶ የሚሆኑት በወላጆቻቸው ውሳኔ ሳይፈተኑ ቀሩ። በአምስት አንድ ማለት ነው። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ላይ የክፍለ ግዛቱ የትምህርት ቦርድ ውጤቱ ለመምህራን ግምገማ መዋሉን ለዓመታት አገደ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች።

የኔ ነጥብ እዚህ ላይ ነው። ከሦስቱ ክፍለ ግዛቶች ማቅለልን ያመለጠ የለም። ካሊፎርኒያ አስቀድማ፣ አስባ፣ ጊዜ ቆርጣ አቀለለች፤ አንድ ዓመት ያለ ውጤት መቆየት አስከፈላት። ሜሪላንድ ሰጥታ ካበቃች በኋላ ውጤቱን ራሷ አቀለለችው። ኒውዮርክ ልጁ ካለቀሰ፣ ወላጁ ካመጸ፣ መምህሩ ካኮረፈ በኋላ አቀለለች። ስለዚህ ክርክሩ "እናቅልል ወይስ አናቅልል" መሆን የለበትም። ፈተና በተቀየረ ቁጥር ማቅለል ይመጣል። ልዩነቱ ከጉዳቱ በፊት ነው ወይስ በኋላ የሚለው ነው። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለዚህ ነው።

ይህን ሁሉ ያስታወሰኝ ዘንድሮ አገር ቤት ለ12ኛ ክፍል ፈተና የሚዘጋጅ የወንድሜ ልጅ ነው። የኛን ነገር ታውቁታላችሁ። የ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብተው እንዲፈተኑ ተደረገ፤ 50 በመቶ ያላመጣ አላለፈም ተባለ። ኩረጃን ለማስቆም መደረጉ ተገቢ ነበር፤ መምህር የነበረ ሰው ይህን አይቃወምም። ያለፉት 3.3 በመቶ ሆኑ። በቀጣዩ ዓመት 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 8.4 በመቶ። ከ50 በታች ያመጡ ብዙ ሺህ ተማሪዎች በሪሚዲያል በኩል እንዲገቡ የተፈቀደውም ውጤቱ ከታወቀ በኋላ ነው። እኛም አቀለልን፤ ግን እንደ ኒውዮርክ፣ ከደነገጥን በኋላ።

አንድ ትልቅ ልዩነትም አለ። ካሊፎርኒያ ውስጥ ልጄ ያንን ፈተና ብትወድቅ ስድስተኛ ክፍል መግባቷ አይቀርም ነበር። የኛው 12ኛ ክፍል ግን የአሥራ ሁለት ዓመት ልፋት በጥቂት ቀናት የሚቆረጥበት በር ነው። ሸክሙ የከበደ ፈተና ሲቀየር ጥንቃቄውም በዚያው ልክ መክበድ አለበት።

አሁን ደግሞ ፈተናው ወደ ኮምፒውተር እየሄደ ነው። በ2016 ዓ.ም. ተጀመረ፤ በቀጣዩ ዓመት በኮምፒውተር የሚፈተነው ቁጥር ጨመረ። መሄዱ መልካም ነው። እኔ የምለው እንዲህ ነው። አንድ ተማሪ ሕይወቱን የሚወስን ፈተና በኮምፒውተር ከመቀመጡ ከወራት በፊት በዚያው ሶፍትዌር፣ በሙሉ ሰዓቱ፣ ምንም የማይያዝበት ፈተና ይውሰድ። በወረቀት የተፈተኑትና በኮምፒውተር የተፈተኑት ልዩነት ካላቸው፣ በከተማና በገጠር ተለይቶ ለሕዝብ ይውጣ። መብራት ቢጠፋ፣ ኔትወርክ ቢቋረጥ የተማሪው ዕጣ ምን እንደሚሆን ከፈተናው በፊት ተጽፎ ይታወቅ። ማቅለሉም የማብቂያ ቀን ይኑረው፤ ማብቂያ የሌለው ማቅለል ስሙ ስንፍና ነው።

የዚያች እኅታችንም ነገር አይዘንጋ። ዋናው ውጤት በማይያዝበት ዓመት ወላጅ ጨለማ ውስጥ መቅረት የለበትም። መምህሩ በራሱ ፈተና ያወቀውን፣ ልጁ የት ጋ እንደደከመ፣ ወላጅ በሚገባው ቋንቋ ይንገረው። ይህ ኮምፒውተርም ቢሊዮን ዶላርም አይጠይቅም።

ፈተና ይቅር የሚል ሰው አይደለሁም። ፈትኜ፣ አርሜ፣ ጥዬም አሳልፌም ነው የኖርኩት። የምለው አንድ ነገር ነው። ሚዛኑን የሠራው ሰው መጀመሪያ ሚዛኑን ይፈትን፤ ልጆቹ ከዚያ በኋላ ይደርሳሉ።

በኮምፒውተር የተፈተናችሁ፣ ያስፈተናችሁ፣ ልጅ ያላችሁ ያያችሁትን ጻፉልን። ለዘንድሮ ተፈታኞች መልካሙን ሁሉ እመኛለሁ። ቸር እንሰንብት።