ማግኔት ይዤ ጋራዥ ለጋራዥ

ዛሬ ስለ ፊዚክስ አይደለም የምጽፈው፣ ስለ መኪና ነው። መጨረሻው ግን ክፍል ውስጥ ስለሚከተን ታገሱኝ።

ቪትዟን ታውቋታላችሁ። በዕቁብና በብድር የተገዛች፣ ነጭ፣ የኔን የዲፕሎማ ደሞዝ እየበላች የምትኖር። ክረምት ላይ አንድ ሚኒባስ የፊት ፓራውልቷን ሰባበረው። ሹፌሩ ጨዋ ነበር፣ ከፈለኝ። እኔም "ካልቀረ" ብዬ የፊት፣ የጎንና የኋላ ሙሉ ቦዲ ኪት ላድርግላት አልኩ። ባለቤቴ "መምህር ሆነህ ይሄ ምን ያደርግልሃል?" አለችኝ። ከልጅነቴ ጀምሮ ስለምመኘው ነው፣ ሌላ ምክንያት የለኝም።

ዕቃውን ሶማሌ ተራ አገኘሁት። የከበደኝ ገጣሚና ቀቢ መምረጡ ነው። የድሮ የጭነት መኪና ሹፌር የሆኑ ጎረቤታችን ጋሼ መከሩኝ፦ "ወሬያቸውን አትስማ፣ ያለቀ መኪና አሳዩኝ በል። ማግኔት በስስ ጨርቅ ጠቅልለህ ላሜራው ላይ አስጠጋ። አልይዝ ካለ ከቀለሙ ስር ያለው የስቱኮ ክምር ነው። ደግሞ ሳይቀባ ገጥሞ ለማያሳይህ ሰው እንዳትሰጥ።" የፋይበር ዕቃ መጀመሪያውኑ ልክክ አይልም፣ መሞረድ ይፈልጋል። ከተቀባ በኋላ ከተሞረደ ደግሞ ቀለሙ አለቀለት።

የመጀመሪያው ጋራዥ ትልቅ ነው፣ ፎርኖም አለው። የጠሩልኝ ዋጋ የአራት ወር ደሞዜ ነው። ጥሩ ሥራ ይከፈልበታል፣ በዚያ አልከፋኝም። ግን ማን እንደሚቀባው ስጠይቅ "እሱን ለኛ ተወው" አሉኝ። ያለቀ መኪናም አላሳዩኝም።

ሁለተኛው ርካሽ ነው፣ "በሦስት ቀን ውሰድ" አለኝ። ቀለሙ የሚረጨው ግን ደጅ ላይ፣ አቧራው መሃል ነው። የጨረሰውን መኪና በር በማግኔቴ ነካሁት፣ ተንሸራቶ ወደቀ።

ሦስተኛው ጋ ገና ስገባ "ቲቸር!" የሚል ድምፅ ሰማሁ።

አስታወስኩት። የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጦ ደብተሩ ላይ መኪና ሲስል የሚውል ልጅ ነበር። አንድ ቀን ተናድጄ ገጹን ቀደድኩና ክፍሉ ሁሉ እየሰማ "አንተ የትም አትደርስም" አልኩት። አሥረኛ ክፍልን ሳይጨርስ ቀረ። በኔ ምክንያት ነው አልልም፣ በኔ አይደለምም ብዬ መማል አልችልም።

እውነቱን ልናገር፣ ላዝንለትና ሥራውን ልሰጠው ፈለግኩ። ከዚያ ግን ይሄም ንቀት ነው አልኩና ማግኔቴን አወጣሁ። ሳቀ። "ይሞክሩት ቲቸር" ብሎ ወዳለቀ መኪና ወሰደኝ። ማግኔቱ ጥብቅ አለ።

ከዚያ የኔን መኪና ሊያይ ተንበረከከ። "ኪቱን አሁን አልገጥምልዎትም" አለኝ። በጎኑ ኪት የሚሸፈነው ቦታ ዝጓል። ዝገቱ ሳይነሳና ፀረ ዝገት ሳይቀባ ከተሸፈነ ከውስጥ ይበላታል። የኋላው ዕቃ ፕላስቲክ ስለሆነ የፕላስቲክ ፕራይመር ካልቀደመው ቀለሙ ይላጣል። የፊቱ ደግሞ በጣም ዝቅ ስለሚል ኮብልስቶን ላይ በሁለተኛው ቀን ይሰበራል፣ "ይመልሱትና አጠር ያለ ይቀይሩ" አለኝ። የኔ ነጭ 040 የሚባለው የቶዮታ ነጭ ነው። ነገር ግን ፀሐይ ስላገኘው በኮዱ ብቻ ተበጥብጦ እንደማይገጥም አስረዳኝና፣ ቀለሙን የሚያመሳስልበት ብሎ የነዳጁን ክዳን ፈትቶ ወሰደ።

ይህንን ሁሉ ያለ ጥቁር ሰሌዳ አስተማረኝ። ሥራውን የሰጠሁት በዚህ ነው፣ በጸጸት አይደለም።

ስድስት ቀን ያለው ዘጠኝ ቀን ፈጀ። ሳይቀባ ገጥሞ አሳየኝ፣ ሁለቴ ሞረደው። ልረከብ ስሄድ እኔ ያላየሁትን ከኋላ በኩል በቀጭኑ የወረደ ቀለም ራሱ አሳየኝ። "ይሄን ሳላስተካክል አላስረክብም" ብሎ አንድ ቀን ጨመረብኝ።

ሂሳቡን ስከፍለው ድምፄ አልወጣ አለኝ። "የዚያን ቀን ደብተርህን… አጥፍቻለሁ፣ ይቅር በለኝ" አልኩት። ምንም አይደል አላለኝም። "ገጹን መሬት ላይ ጥለውት ወጡ። አንስቼ መልሼ ለጥፌዋለሁ" አለኝና ወደሚቀባው መኪና ተመለሰ።

መኪናዋን የሚያዩ ሰዎች "ማን ጋ አሠራህ?" ይሉኛል። "ተማሪዬ ጋ" እያልኩ ነበር። አሁን እሱን ትቼዋለሁ፣ "አንድ ጥሩ ባለሙያ ጋ" ነው የምለው።

ትናንት አንዱ ልጅ ደብተሩ ላይ ሲስል ያዝኩት። አጠገቡ ቆምኩና ጎማው ክብ እንዳልሆነ ነገርኩት። ከዚያ ትምህርቱን ቀጠልኩ።