ለማን ትመልሳለህ?

በአማተር ሬዲዮ ውድድር ላይ ሁላችንም ተስማምተን የምንዋሸው አንድ ውሸት አለ፦ «59»። 5 ማለት ንግግርህ ጥርት ብሎ ይሰማል፣ 9 ማለት ደግሞ ሲግናልህ በጣም ጠንካራ ነው ማለት ነው። ግን ድምፁ ከጫጫታ ስር በስንት መከራ የተለቀመ ሰው ራሱ «59» ነው የሚባለው። የኛው «እንዴት ነህ?» «ደህና፣ ተመስገን» በሉት። ጥርሱን ሌሊቱን ሙሉ ሲያመው ያደረም ሰው መጀመሪያ ደህና ነው።

ቁም ነገሩ ከ«59» ቀጥሎ የሚመጣው ነው። ሲኪው ወርልድ ዋይድ የሚባለውን ውድድር እንውሰድ። 48 ሰዓት ይፈጃል። የድምፁ በኦክቶበር፣ የሞርሱ በኖቬምበር የመጨረሻ ሙሉ ቅዳሜና እሁድ ነው። ዓለም በ40 ዞን ተከፍላለች፣ ኢትዮጵያ 37 ናት። የጥሪ ምልክትህን ትናገራለህ፣ «59፣ 37» ትላለህ፣ የሱን ትመዘግባለህ፣ አለቀ። ከሌላ አህጉር ጋር ከተገናኘህ 3 ነጥብ ታገኛለህ። በየባንዱ ያገኘሃቸው ዞኖችና አገሮች ደግሞ ጠቅላላ ነጥብህን ያባዙልሃል። ስለዚህ ብዙ ጣቢያ የሌለበት አገር ብቅ ሲል ሁሉም ይፈልገዋል። ኢትዮጵያ ደግሞ እንደዚያ ናት።

እኔ ዛሬ ኮድ ጽፌ ነው የማድረው። ያኔ ግን የኢንጂነሪንግ ተማሪ ነበርኩ፣ 5 ኪሎ ባለው የክለብ ጣቢያ፣ በኢቲ3ኤኤ። አንድ ታላቃችን ማይኩን ሲሰጠኝ «አትቸኩል፣ መጀመሪያ ስማ» ብቻ ነበር ያለኝ። አንዴ ጠራሁ። ከዚያ የመጣው ድምፅ ሳይሆን ግድግዳ ነው። ስንት ሰው እንደሆነ እንጃ፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ የራሱን ምልክት ይጮሃል። ፓይል አፕ ይሉታል።

ሜክሲኮ ታክሲ ስትጠብቁ ቢያንስ ሰልፉ ይታያል። ማን ቀድሞ እንደመጣ፣ ማን መሀል እንደገባ ሁሉም ያውቃል። ሬዲዮ ላይ ሰልፉ አይታይም። ሥነ ምግባሩ የመጣውም ከዚህ ነው። የምትጠራውን ጣቢያ ካልሰማኸው አትጥራው። ሙሉ ምልክትህን አንዴ በል፣ ከዚያ ዝም ብለህ አዳምጥ። የተጠሩት ፊደሎች ያንተ ካልሆኑ ጊዜው የሌላ ሰው ነው። ለጨዋነት ብቻ የተጻፈ እንዳይመስላችሁ፤ ሁለት ሰው እኩል ሲናገር አንዱም አይሰማም፣ ነገሩ ፊዚክስ ነው።

በዚያ ግድግዳ መሀል አንድ ደከም ያለ ድምፅ ሰማሁ። የያዝኩት መጀመሪያውን «ጁልየት»ን እና መጨረሻውን «ኪሎ»ን ብቻ ነበር። «ጁልየት… ኪሎ፣ ድገም» አልኩ። ጁልየትም ኪሎም የሌለባቸው አምስት ስድስት ጎበዞች በላዩ ላይ ጮሁ። ደገምኩ። ደግመው ጮሁ። በዚያች ደቂቃ ለጯሂዎቹ ብመልስ ኖሮ ሦስት አራት ግንኙነት እመዘግብ ነበር። ነጥቡ ደግሞ ያው 3 ነው፤ ደካማ ሲግናል ጉርሻ የለውም።

ታላቃችን ከጎኔ ጭንቅላቱን ነቀነቀ፦ «እሱን ሳትጨርስ ለማንም እንዳትመልስ»።

አራተኛው ላይ ገባ። ጃፓን፣ ዞን 25። ገርሞኝ የነበረው ግን ከሱ በኋላ የሆነው ነው። ቀጣዩን ፊደል ስጠራ ጫጫታው ቀነሰ። መጮህ እንደማያዋጣ ሰምተዋል። በዚያች አንድ ደቂቃ ያጣሁትን በሚቀጥሉት አስር ደቂቃዎች መለስኩት።

እኔ ያኔ የገባኝ ይሄ ነው፦ ለማን እንደምትመልስ ነው ሕዝቡን የምታስተምረው። ለጯሂ ከመለስክ «ጩኹ» ብለህ ሕግ አወጣህ። ሕጉ የትም ላይ «አትጩህ» ብሎ ቢጻፍ የሚታየው ያንተ መልስ ነው።

ተቃራኒውን ደግሞ እዩት። ጫጫታው ሲበዛ ኦፕሬተሩ በአንድ ፍሪኩዌንሲ ይናገርና ከዚያ ከፍ ባለው ላይ ያዳምጣል። ስፕሊት ይባላል፤ የሱ ድምፅ ለሁሉም ነፃ እንዲሆን ነው። ሁሌም ግን አንዱ ሳያዳምጥ ይመጣና በራሱ በኦፕሬተሩ ፍሪኩዌንሲ ይጠራል። ይሄ ችግር በሦስት ሰከንድ ያልፍ ነበር። ግን «ፖሊሶቹ» ይነሳሉ፦ «አፕ! አፕ! አፕ!» እነሱም እዚያው ፍሪኩዌንሲ ላይ። አንዱ ሰው ሦስት ሰከንድ አበላሸ፣ አራሚዎቹ ግማሽ ደቂቃ። ግሩፕ ቻት ላይ ያለ ሰው ይሄን ማስረዳት አያስፈልገውም መሰለኝ።

ሌላው ደግሞ ማንም የማያየው ክፍል ነው። እንደ ዴቨሎፐር «ከተጠቃሚ የመጣን ዳታ አትመን» እየተባልን ነው ያደግነው። ውድድሩም በከፊል እንደዚያ ነው፤ የተላኩት መዝገቦች ሁሉ በኮምፒውተር ይተያያሉ። የጥሪ ምልክት ተሳስተህ ከጻፍክ ግንኙነቱ ይሰረዛል፣ የነጥቡ ሁለት እጥፍም ይቀነስብሃል። ግን መዝገብህን ለመላክ አምስት ቀን አለህ። በነዚያ ቀናት የተጠራጠርከውን ምልክት ዳታቤዝ አይተህ ወይም ቅጂ ሰምተህ ማረም ክልክል ነው። ለኔ ቢጤ የሃያ መስመር ስክሪፕት ሥራ ነው። የ100 ዋት ተወዳዳሪ ነኝ ብለህ ብትመዘገብም ቤትህ ገብቶ ሜትሩን የሚያነብ ሰው የለም ማለት ይቻላል። ደብሊውአርቲሲ በሚባለው የዓለም ሻምፒዮና ከእያንዳንዱ ቡድን ጎን ዳኛ ይቀመጣል። በተራው ቅዳሜና እሁድ ዳኛው አንተው ነህ።

ያም ሆኖ ውድድሩ ከ1948 ጀምሮ እዚህ ደርሷል። ሁሉም ሐቀኛ ስለሆነ አይመስለኝም። በቂ ሰው ያልሰማውን እንዳልሰማ አድርጎ ስለሚልክ ነው።

በኦክቶበር መጨረሻ ጊዜ ካላችሁ ዌብ ኤስዲአር የሚባሉትን የኢንተርኔት መቀበያዎች ክፈቱና 14 ሜጋኸርዝ አካባቢ አዳምጡ፣ ፈቃድ አይጠይቅም። አንድ የተጨናነቀ ጣቢያ ያዙ። ማን እንደሚጮህ ሳይሆን ማን መልስ እንደሚያገኝ ስሙ። አስር ደቂቃ ሳይሞላ ኦፕሬተሩ ምን አይነት ሰው እንደሆነ ታውቃላችሁ።