የእናቴ ድምፅ በየትኛው ኮምፒውተር ይቀመጥ?

ቤታችን ውስጥ አርባ አንድ ካሴት አለ። ሠላሳ ሁለቱ ከሙዚቃ ቤት የተገዙ ናቸው፤ ዓሊ ቢራ አለ፣ ማህሙድ አህመድ አለ፣ ሌላም ሌላም። እነዚያ ቢበላሹ ሌላ ሰው ቤት አይጠፉም። ዘጠኙ ግን ከእኛ ቤት በቀር የትም የሉም። እናቴና የአፎቻ ጓደኞቿ በ1980ዎቹ በየሠርጉ ቤት ጌይ ፈቀር ሲዘፍኑ በእኛው ቴፕ የተቀዱ ናቸው። አፎቻን ለማያውቅ አንባቢ፣ የሐረሪዎች እድር በሉት፤ ለሐዘኑም ለሠርጉም የሚሰበሰብ፣ በሴቶቹ ዘንድ ደግሞ ከበሮ የማይለየው። ጌይ ፈቀር የከተማው ሰው በራሱ ቋንቋ የሚዘፍነው ነው።

አምና ከዘጠኙ የሁለቱ ድምፅ መዋለል ጀመረ። እናቴ ሰባ አራት ዓመቷ ነው። ከዚያ አፎቻ በሕይወት ያሉት ሦስት ሴቶች ናቸው፤ አንዷ፣ ድሮ ድምጿ ግቢ የሚያናውጥ፣ አሁን ከአልጋ አትነሳም። ቶሮንቶ የሚኖረው ወንድሜ በደወለ ቁጥር "የእማን ድምፅ በደንብ ቅዱልኝ" ይላል። ልጆቹ ጌይ ሲናን የሚሰሙት ከአያታቸው ብቻ ነው፣ ያውም በስልክ። ስለዚህ ሥራው በእኔና በአሥራ ሰባት ዓመቷ ልጄ ላይ ወደቀ፦ ካሴቶቹን ወደ ኮምፒውተር መገልበጥ፣ እናቴንም ዛሬ ባላት ድምፅ እቤት ውስጥ እንደገና መቅዳት።

ስቱዲዮ ውሰዷት ያሉን ነበሩ። እናቴ ግን መስታወት ውስጥ ብቻዋን ቆማ አትዘፍንም። ነደባው ላይ ተቀምጣ፣ ከበሮውን ጉልበቷ ላይ አድርጋ፣ የሚቀበላት ሰው አጠገቧ ሲኖር ነው ዘፈኑ የሚመጣላት።

ደግሞም እቤት የተቀዳ ነገር ይናቃል ያለው ማነው? እማሆይ ጽጌማርያም ገብሩ እ.ኤ.አ. ከ1977 እስከ 1985 ባሉት ዓመታት አዲስ አበባ በቤተሰባቸው ቤት ፒያኖ እየመቱ ሲዘፍኑ በቴፕ ሪከርደር የቀዱት፣ እሳቸው በ2023 በ99 ዓመታቸው ካረፉ በኋላ በ2024 በአልበም ወጥቶ ዓለም ሰምቶታል። ከመስኮቱ ውጭ የወፎች ድምፅ ሳይቀር ይሰማል። ያን ጊዜ የትኛው ኦፐሬቲንግ ሲስተም ይሻላል ብሎ የተጨነቀ የለም፤ ቁልፉን መጫን ብቻ ነበር። እኛ ግን ሦስት ሳምንት ተከራከርንበት።

ለአያቶች በአጭሩ ልግለጸው። ኦፐሬቲንግ ሲስተም ማለት ኮምፒውተሩን የሚያስተዳድረው ዋናው ፕሮግራም ነው። እሱ ቤቱን የያዘው አከራይ ሲሆን፣ መቅጃው ሶፍትዌር ተከራይ ነው። አንዳንዱ አከራይ የሚያስገባው የራሱን ወገን ብቻ ነው፤ ሌላው ሁሉንም ያስገባል፣ ሌባም ጭምር።

ልጄ የፈለገችው ባለችው ላፕቶፕ በዊንዶውስ ላይ በኤፍኤል ስቱዲዮ መሥራት ነበር። ጓደኞቿ ቢት የሚሠሩት በእሱ ነው። እውነቷን ነው፣ ለቢት ግሩም መሣሪያ ነው። ችግሩ እሷ ያገኘችው "ክራክ" መሆኑ ነው፤ ማለትም ከጓደኛ ፍላሽ የተገለበጠ፣ ቁልፉ የተሰበረ ቅጂ። እንዲህ ያለ ነገር አብሮት ምን ይዞ እንደሚገባ አይታወቅም፣ እኔም የእናቴን ድምፅ ከቫይረስ ጋር አንድ ክፍል አላሳድርም። ሌላም አለ፦ ላፕቶፑ አሮጌ ስለሆነ ዊንዶውስ 11ን አይቀበልም፤ ዊንዶውስ 10 ደግሞ ከጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ጀምሮ መደበኛው የደኅንነት ማሻሻያ ቆሞበታል።

ወንድሜ ማክ ልላክ አለ። ማክ ላይ ጋራዥባንድ የሚባለው መቅጃ በነጻ ይገኛል፤ ለጀማሪ ከእሱ የሚቀል አላየሁም። ነገር ግን በጋራዥባንድ የተሠራ ፋይል እንዳለ የሚከፈተው በዚያው ኩባንያ ዕቃ ላይ ብቻ ነው። ዕቃው ቢበላሽ ሐረር ውስጥ ማን ይከፍትልኛል? ወንድሜ ይህን ስለው ትንሽ ተቀየመ። ገንዘቡ የሱ ነው፣ ልቡም ቸር ነው፤ ግን እሱ ለዛሬ ነው የሚያስበው፣ እኔ የልጄ ልጅ ስለሚከፍተው ነገር ነው የማስበው።

ክርክሩን የቆረጠችው እናቴ ናት። አንድ ቀን ከምሳ በኋላ ዝም ብላ ስታዳምጠን ቆይታ፣

"ይሄ ዕቃ የምዘፍነውን ለሰው ይልካል ወይ?" አለች።

"እኛ ካልላክነው አይልክም፣ እማ" አልኳት።

"እናንተ ሳታውቁትስ?"

በዚህ ጊዜ ልጄ ቀና ብላ አየችኝ። ስልኳ ላይ ያሉት ፎቶዎች ሳታዝዘው ኢንተርኔት ላይ እንደሚቀመጡ ታውቃለች።

የእናቴ ሥጋት የዋዛ አይደለም። በሠርግ ዘፈን ውስጥ የሰው ስም ይነሳል፤ አማት ይነካል፣ ሙሽራዋ ትተረባለች፣ ያቺ ጎረቤት በወርቋ ትወጋለች። የተነኩት ሴቶች አብዛኞቹ ዛሬ የሉም፣ ልጆቻቸው ግን አሉ። "እኛ እርስ በርሳችን ሆነን የተሳሳቅነውን ሰው ገበያ ላይ አይሰማውም፤ ወላሂ ይህን ካላረጋገጣችሁልኝ አፌን አልከፍትም" አለች። ቅድመ ሁኔታው ይኸው ነው፦ የሚቀዳበት ቦታ ከኢንተርኔት የተለየ ይሁን፣ ምን እንደሚወጣና ምን እንደማይወጣ የምትወስነው እሷ ትሁን።

ይህ ሲመጣ ምርጫው ጠበበ። በየጊዜው በኢንተርኔት ገብቶ "ባለቤቱ ነህ ወይ?" የሚለው በወር ክፍያ የሚሠራ ሶፍትዌር ወጣ። ክራኩም ወጣ። የቀረን ሊኑክስ ነው። ሊኑስ ቶርቫልድስ የሚባል ፊንላንዳዊ ተማሪ እ.ኤ.አ. በ1991 የጀመረው፣ ማንም ሰው በነጻ የሚጠቀምበት ሥርዓት ነው። ከእሱ ከተወለዱት አንዱ ኡቡንቱ ሲሆን፣ ስሙ የደቡብ አፍሪካ ቃል ነው፤ ኡቡንቱ ስቱዲዮ የተባለው ዓይነት ደግሞ ለድምፅና ለምስል ሥራ የተሰናዳ ነው። አርዱር የተባለው ባለብዙ ትራክ መቅጃ ከውስጡ አለ፤ ለካሴት መገልበጫ የሚመቸው ኦዳሲቲም በነጻ ይገኛል። ፋይሉ ትልቅ ነውና ልጄ ሌሊት በሌሊት ፓኬጅ አወረደችው፣ ፍላሽ ላይ ጫነችው፣ ዊንዶውሱን ሳንነካ በፍላሹ አስነስተን ሞከርነው። ይህን ሙከራ ለማንኛውም ወላጅ እመክራለሁ፤ ካልወደዱት ፍላሹን ነቅሎ መተው ነው። እኛ ወደድነው፤ ከዊንዶውሱ ጎን ለጎን ጫንነው። ልጄ ለትምህርቷና ለቢቷ በአንዱ ትገባለች፣ ለአያቷ በሌላኛው። በሊኑክሱ በኩል ዋይፋይ አልተከፈተም፤ አይከፈትምም። የምንቀዳው ሁሉ በቀጥታ ውጫዊ ሃርድ ዲስክ ላይ ይገባና ሥራው ሲያልቅ ዲስኩ ተነቅሎ የእናቴ ሣጥን ውስጥ ይቆለፋል። ቁልፉ አንገቷ ላይ ነው።

ሊኑክስ ያለ ጣጣ ነው አልልም። ሐረር ውስጥ ኮምፒውተር ጠጋኝ ጋ ሄዳችሁ ሊኑክስ ብትሉ አብዛኛው "ዊንዶውስ ልጫንበት?" ነው የሚላችሁ። ኤፍኤል ስቱዲዮ በቀጥታ አይሠራበትም። አንዳንድ የድምፅ ካርድ ደግሞ የራሱን ድራይቨር ይፈልጋልና እንቢ ይላል፤ ወንድሜ ሁለት መግቢያ ያለው የድምፅ ካርድና ማይክ ከመግዛቱ በፊት ያለ ድራይቨር የሚሠራ መሆኑን አጣርቶ ነው የላከው። በማኩ ፋንታ ይህን ላከ፤ ቅያሜውም በዚሁ በረደ። በነገራችን ላይ ሪፐር የሚባል በሊኑክስም በዊንዶውስም የሚሠራ መቅጃ አለ፤ 60 ቀን በነጻ አስሞክሮ ለግል ተጠቃሚ 60 ዶላር ይጠይቃል። ውጭ አገር ዘመድ ለሌለው ግን ያን ዶላር መክፈል ራሱ ሌላ ጉዳይ ነው።

ስለ ፋይሉ ዓይነት ብዙ አልቆይም። የምናስቀምጠው በዌቭ ነው፤ ዌቭ በየትኛውም ኮምፒውተር ይከፈታል፣ ድምፁንም አይቀንስም። በ48 ኪሎኸርዝና በ24 ቢት በአንድ ማይክ ሲቀዳ አንድ ሰዓት ወደ 520 ሜጋባይት ገደማ ይይዛል፤ ለዛሬ ዲስክ ምንም አይደለም። ኤምፒስሪ በስልክ ለመላክ እንጂ ለማስቀመጥ አይሁን።

ከሶፍትዌሩ ይልቅ ያስደነቀኝ ቤቱ ነው። ጌይ ጋር፣ የሐረሪ ቤት፣ ስቱዲዮ ሆኖ የተሠራ ይመስላል፦ ወፍራም የድንጋይ ግንብ፣ ከፍና ዝቅ ያሉ ነደባዎች፣ ምንጣፍ፣ ትራስ፣ ግድግዳው በሙሉ በስፌት የተሸፈነ። ድምፅ መታ አድርጎ የሚመለስበት ባዶ ቦታ የለም። ሰዎች በስፖንጅ የሚሠሩትን አያቶቻችን በአለላ ሠርተውታል። አንድ ነገር ብቻ አስቸገረን፤ ከበሮው ሲመታ ግድግዳው ላይ የተሰቀሉት የብረት ሳህኖች አብረው ይንቀጫቀጣሉ። ልጄ በጆሮ ማዳመጫ ነው የሰማችው። አሥራ አራት ሳህን አወረድን፤ እናቴም እያንዳንዱን እየተቀበለች ከማን እንደተሰጣት ነገረችን፣ እንደዚህ ሆኖ አንድ ሙሉ ጠዋት ሳይቀዳ አለፈ።

ሰዓቱም ይመረጣል። ጀጎል ውስጥ ከሰማንያ በላይ መስጊድ አለ፤ አዛን ሲጀምር መቅዳት ይቆማል፣ መቆሙም ደግ ነው። ማታ ውሻና ጅብ አለ። ከሰዓት በኋላ እንግዳ አይጠፋም። መኪና ግርግር አካባቢ የሚኖር ሰው የስፌት መኪናውን ምን እንደሚያደርገው እንጃ፤ መንገዱ ስሙን ያገኘው በእሱ ነውና። ለእኛ የሆነልን ከጠዋቱ አንድ ሰዓት እስከ ሁለት ሰዓት ተኩል ያለው ነው። መብራት ቢሄድም ላፕቶፑ በባትሪው ይጨርሳል።

አንድ ቀን ልጄ የከበሮውን ምት ኮምፒውተሩ ላይ ባለው መስመር አስተካክላ ለአያቷ አሰማቻት። እያንዳንዱ ምት በእኩል ርቀት ተቀምጧል፣ እንደ ሰዓት። እናቴ ጥቂት ሰምታ፣

"ይሄ የማን እጅ ነው?" አለች።

"ያንቺ ነዋ፣ አያቴ።"

"የኔ እጅ አይደለም። እኔ ሙሽራዋ ስትወጣ እፈጥናለሁ።"

ልጄ ፋይሉን አጠፋችውና ወደ ዋናው ተመለሰች። ከዚያ ወዲህ መለኪያውን ዘግታ ነው የምትቀዳው። የኦዳሲቲን የጫጫታ ማጥፊያም በካሴቶቹ ላይ በጥቂቱ ብቻ ነው የምንጠቀምበት፤ ሲበዛ ከሽውታው ጋር የሴቶቹን ትንፋሽ ይወስዳል።

ካሴት ለመገልበጥ ለተነሣ ሰው አቋራጭ የለም፤ የስልሳ ደቂቃ ካሴት ስልሳ ደቂቃ ይፈጃል። የላላውን ክር በእስክሪብቶ ማጥበቅ ለልጄ አዲስ ነገር ነበር፣ ለእኔና ለእናንተ ግን አይደለም።

እስካሁን ከዘጠኙ ሰባቱ ተገልብጠዋል። ዲስኩ ላይ ሁለት ፎልደር አለ። አንደኛው ለቶሮንቶ የሚላክ ነው። ሁለተኛውን ልጄና እናቴ ብቻ ናቸው የሚከፍቱት፤ ሲቀዳም እኔ ገመዱን አስተካክዬ ወደ ግቢ እወጣለሁ፣ ከውጭ የምሰማው ሳቅ ብቻ ነው። የአንደኛው ፎልደር ቅጂ፣ አቶ አብዱላሂ ሸሪፍ የቆዩ የሐረሪ ዘፈኖችን ጭምር ባሰባሰቡበት የጀጎሉ ሙዚየም ይቀመጥ ወይ የሚለውን እናቴ ገና አልወሰነችም። ሹዋሊድ እ.ኤ.አ. በ2023 በዩኔስኮ መመዝገቡን ስነግራት "ማሻአላህ፣ እነሱ መዘገቡት፣ ማን ይዘፍነዋል?" ነበር ያለችኝ።

ዲስኩን በሌላ ዲስክ አባዝተን አንዱን እህቴ ጋ ድሬዳዋ አድርሰናል። የፊታችን ሐሙስ ጠዋት እንደገና እንቀዳለን። ካለፈው ሳምንት ዘፈን የጎደለውን ስንኝ እናቴ ሌሊት አስታውሳዋለች።