ካርድ ከመጣልዎ በፊት አንድ ዙር በልደታ

አንባቢ ሆይ! አንድ እሑድ ጧት ጊዜ ካገኙ ጫማዎን አጥብቀው ያስሩና ከሜክሲኮ አደባባይ ወደ ምዕራብ ይነሡ። መንገዱ ረጅም አይደለም፤ ተግባረ እድን አልፈው፣ ከራስዎ በላይ በድልድይ የተዘረጋውን የባቡር ሐዲድ ተከትለው ጥቂት እንደ ሄዱ ልደታ ይደርሳሉ። የማስጎበኝዎ ግን ሐውልትና ቤተ መንግሥት አይደለም። አንድ መንግሥት «ይህን ሠርቻለሁና ምረጡኝ» ሲል፣ ተቃዋሚውም በበኩሉ «አገሪቱን አደኸያት» ሲል፣ የሁለቱን ቃል በምን ሚዛን እንደምንመዝነው አብረን እንድናይ ነው። ለዚህ ሥራ ከአዲስ አበባ ሰፈሮች ሁሉ ልደታን የሚያህል አላገኘሁም።

ሰፈሩ ስሙን የወሰደው ከልደታ ለማርያም ቤተ ክርስቲያን ነው። የእመቤታችን የልደት በዓል ግንቦት 1 ቀን ይውላል፤ በዚያን ዕለት ጎረቤት ገንዘብ አዋጥቶ ስንዴውን፣ ባቄላውንና ሽምብራውን ቀቅሎ ከደጅ ተቀምጦ ንፍሮ ይበላል። የምርጫም ወር ብዙ ጊዜ ይኸው ግንቦት ነበር። የ1997ቱ ምርጫ ግንቦት 7፣ የ2002ቱ ግንቦት 15፣ የ2007ቱ ግንቦት 16 ተደረገ፤ የ2013ቱ ሰኔ 14 ቀን ዋለ። እንግዲህ የልደታ ሰው የንፍሮውን እህል ዋጋ ከጠየቀ ከጥቂት ቀን በኋላ ድምፅ ይሰጥ ነበር ማለት ነው። ይህ አጋጣሚ ለእኔ ትልቅ ትምህርት ሆኖኛል፤ ምክንያቱን ቆየት ብዬ እነግርዎታለሁ።

አሁን ቀና ብለው ሐዲዱን ይመልከቱ። ከመስቀል አደባባይ እስከ ልደታ ሁለቱ መሥመሮች በአንድ ሐዲድ ይሄዳሉ፤ ከዚህ አንዱ ወደ ጦር ኃይሎች ይቀጥላል፣ ሌላው ወደ መርካቶና ወደ ምኒልክ አደባባይ ይታጠፋል። ሥራው 475 ሚሊዮን ዶላር ፈጅቷል፤ ከዚህም ውስጥ 85 በመቶው ከቻይና የወጪና ገቢ ንግድ ባንክ በብድር የመጣ ነው። በ2007 ዓ.ም. መራጩ ወደ ድምፅ መስጫው ሲሄድ ባቡሩ ገና በሙከራ ላይ ነበር፤ ሰው ሳይጭን ባዶውን ይመላለስ ነበር። መንገደኛ መጫን የጀመረው በመስከረም 2008 ዓ.ም.፣ ገዢው ግንባርና አጋሮቹ 547ቱን መቀመጫ በሙሉ ከወሰዱ በኋላ ነው።

ባቡሩ አልጠቀመም አልልም። በ2፣ በ4 እና በ6 ብር ሲጀምር ለተማሪና ለጸሐፊ እውነተኛ እፎይታ ነበረ። ነገር ግን ባዶ ባቡር ዐይቶ የመረጠ ሰው የመረጠው ተስፋን ነው። የባቡሩ እውነተኛ ፈተና መለዋወጫው ነበር። ከ41ዱ ባቡሮች ከጥቂት ዓመታት በኋላ በሥራ ላይ የቀሩት ከግማሽ የማይበልጡ ናቸው፤ ዕቃው በውጭ ምንዛሪ ይገዛልና። ብድሩም እንደዚሁ ነው። ባቡሩ ሥራ ሲጀምር አንድ ዶላር 21 ብር ገደማ ነበርና የ100 ሚሊዮን ዶላር ዕዳ 2.1 ቢሊዮን ብር ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ዶላሩ ከ100 ብር አለፈ፤ ያው ዕዳ ከ10 ቢሊዮን ብር በላይ ሆነ። ትኬቱ ግን የሚሸጠው በብር ነው። ስለዚህ ሪባን ሲቆረጥ ሲያዩ ማጨብጨቡ መልካም ሆኖ፣ «ዕዳው በማን ገንዘብ ነው? ሲሰበርስ ማን ይጠግነዋል?» ብለው ይጠይቁ።

ከጣቢያው ወረድ ይበሉና ወደ ኮንዶሚኒየሞቹ ይግቡ። ዛሬ ልብስ የተሰጣባቸውን ሰገነቶችና በምድር ቤት ያሉትን ሱቆች የሚያይ ልጅ፣ እዚህ ቦታ በ2001 እና በ2002 ዓ.ም. ገደማ የጭቃ ግድግዳና የዛገ ቆርቆሮ እንደ ነበረ አያውቅም። ቤቶቹ አብዛኞቹ በ1967ቱ አዋጅ ቁጥር 47 ከተወረሱት የቀበሌ ቤቶች ወገን ነበሩ፤ ኪራያቸው ጥቂት ብር፣ ጣሪያቸው የሚያፈስ፣ መጸዳጃቸው የጋራ። ሰፈሩ ሲፈርስ ነባሩ ተከራይ ሌላ ቀበሌ ቤት ወይም የኮንዶሚኒየም ዕድል ቀረበለት። የኮንዶሚኒየም ዕድል ግን ቅድሚያ ክፍያ አለው፤ የባንክ ዕዳም አለው።

እዚህ ላይ ጥቂት እንቁም። መንግሥት ሪፖርት ሲያቀርብ «ይህን ያህል ቤት ሠራሁ» ይላል፤ እውነት ነው፤ ሊቈጠር ይችላል። ጠላ ጠምቃ፣ እንጀራ ጋግራ፣ ከደጇ ጉሊት ዘርግታ የምትኖር ሴት ግን ከከተማው ዳር ስትሄድ ደንበኞቿን አጣች፤ እድሯ ተበተነ፤ የምታበድራት ጎረቤት ሩቅ ሆነች። ይህ ጉዳት በየትኛውም ሠንጠረዥ ላይ አይገባም። ቤቱን ከደረሳቸውም ውስጥ ዕዳውን መሸከም አቅቷቸው ለሌላ አከራይተው እነርሱ በርካሽ ሰፈር የሚኖሩ አሉ። በሌላ በኩል የሚያፈሰውን ጣሪያ የሚናፍቅ ሰው ካለ እርሱ በክረምት ያልኖረበት ነው! ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በኮሪደር ልማት ሌሎች ሰፈሮች ሲፈርሱ ያው ጥያቄ እንደገና ተነሥቷል። ፍርዱ «አማረ» ወይም «ፈረሰ» በሚል አንድ ቃል ሊያልቅ አይችልም፤ የገባውንም የወጣውንም ሰው ሳይጠይቁ አይፍረዱ።

ከዚህ ማዶ አሮጌው አውሮፕላን ማረፊያ ነበረ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. የመጀመሪያውን የካይሮ ጉዞ የጀመረው ከልደታ ነው። በኋላ ጄት ሲመጣ ሜዳው አጠረና ሥራው ወደ ቦሌ ተዛወረ። አየር መንገዱ ንጉሠ ነገሥቱንም፣ ደርግንም፣ ኢሕአዴግንም ተሻግሮ ዛሬ ደርሷል። ታዲያ ትርፉን የማን ሥራ እንበለው? እያንዳንዱ መንግሥት የቀዳሚውን ዛፍ ፍሬ እየለቀመ «እኔ ተከልኩት» ማለት ይወዳል፤ የቀዳሚውን ዕዳ ሲከፍል ግን ባለ ዕዳውን በስም ይጠራል።

ወደ ዋናው ነገር ልመለስ። በእድገት ቁጥር ላይ ብዙ ክርክር አለ። በ1996 እና በ2007 ዓ.ም. መካከል መንግሥት በአማካይ በዓመት ከ10 በመቶ በላይ አደግን ሲል፣ ዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅት ዝቅ ያለ ግምት ይሰጥ ነበር። ቢሆንም ከድህነት ወለል በታች ያለው ሕዝብ በ1988 ከነበረበት 45.5 በመቶ በ2003 ወደ 29.6፣ በ2008 ወደ 23.5 በመቶ መውረዱ ሊካድ አይገባም። ዋጋውስ? በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ2008 የዋጋ ንረቱ 44 በመቶ፣ በ2022 ደግሞ 34 በመቶ ያህል ነበር። «ዓለም ሁሉ ተወደደ» የሚለው ምክንያት ከፊሉ እውነት ነው፤ የዩክሬን ጦርነት እህሉንም ነዳጁንም አስወድዷል። ነገር ግን በዚያው በ2022 የጎረቤታችን የኬንያ ንረት ከ8 በመቶ በታች ነበር። ስለዚህ ከጎረቤት ጋር ማነጻጸር ጥሩ ሚዛን ነው፤ የዓለም የሆነውን ከቤታችን ከሆነው ይለያል። በ2013 ዓ.ም. የተጀመረው የሰሜኑ ጦርነትም ከቤታችን ከሆነው ውስጥ ነው።

ባለፈው ግንቦት ልደታ ከአንድ ግቢ ንፍሮ ላይ ተጋብዤ ነበር። እሳቱ ዳር የተቀመጡ አንዲት እናት፣ አስተማሪ መሆኔን ሰምተው፣ «ልጄ፣ ኑሮ ውድነቱ ረገበ ሲሉ በራዲዮ እሰማለሁ፤ ታዲያ ባቄላው መቼ ረከሰ?» አሉኝ። ሂሳቡን በጣቴ መሬት ላይ ጻፍኩላቸው። በ100 ብር ይገዛ የነበረው እህል በአንድ ዓመት 34 በመቶ፣ በሚቀጥለው 30 በመቶ ቢጨምር 174 ብር ይሆናል። በሦስተኛው ዓመት ንረቱ ወደ 20 በመቶ «ቢረግብ» እንኳ ዋጋው 209 ብር ነው። ረገበ ማለት የሚወጣበት ፍጥነት ቀነሰ ማለት ነው እንጂ ወረደ ማለት አይደለም። ራዲዮውም አልዋሸም፤ እርሳቸውም አልተሳሳቱም።

የመንግሥት ሠራተኛ የሆኑ አንባቢዬ፣ ይህን ሂሳብ በራስዎ ደመወዝ ላይ ይሥሩት። በመስከረም 2018 ዓ.ም. በዲግሪ ለሚጀምር ሠራተኛ ደመወዙ ከ6,940 ወደ 11,500 ብር ሲያድግ ጭማሪው 66 በመቶ ያህል ነበር። ደስ ይላል፤ እኔም ደስ ብሎኛል። ከዚያ በፊት ካለፈው ጭማሪ ጀምሮ የቤት ኪራይዎ፣ ዘይትዎና ታክሲዎ ስንት በመቶ እንደ ጨመረ በደብተር ጽፈው ከ66 ጋር ያስተያዩት። ይህን ደብተር ከምርጫው ሳምንት በፊት መጀመር ያሻል፤ ምርጫው ሲቃረብ ሁሉም መንገድ ይጠገናልና።

በ1997 ዓ.ም. የኢኮኖሚው ክርክር በቴሌቪዥን ሲተላለፍ የአዲስ አበባ ሰው ቤቱ ተቀምጦ ሁለቱንም ወገን ሰማ፤ ከከተማው ምክር ቤት 138 መቀመጫ 137ቱን ለቅንጅት ሰጠ። ከዚያ በኋላ በተነሣው ግጭት 193 ሲቪሎች መገደላቸውን አጣሪ ኮሚሽኑ አስታወቀ። በ2002 ገዢው ግንባርና አጋሮቹ ከ547 መቀመጫ 545ቱን ያዙ። ይህን ያህል መገለባበጥ በአምስት ዓመት ውስጥ የባቄላ ዋጋ ብቻ አላመጣውም፤ የመራጩ ደብተር የሚጠቅመው የሚመርጠው ሁለተኛ ሰው ሲኖርና ቈጠራው ሲታመን ነው።

ሂሳቡን ጨርሼ ቀና ስል እናትየው ንፍሮውን በሁለት እጄ እየሞሉልኝ ነበር። «ብላ እንጂ፣ ልጄ» አሉኝ፤ «ዘንድሮ ሽምብራውን አሳንሰን ስንዴውን አብዝተነዋል።»